ሽሮሜዳ፣ እንጦጦ፣ ሱሉልታ፦ ከጓደኞቻችሁ ጋር ቅዳሜና እሁድ እንዴት ታሳልፋላችሁ

ጓደኛሞች ተሰብስባችሁ "ዊኬንድ የት እንሂድ" ስትባባሉ መጀመሪያ የሚነሳው ቢሾፍቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሾፍቱ ጥሩ ነው፣ ግን ገበያም መብላትም ከፈለጋችሁ፣ በተለይ ደሞ አንዳችሁ ሰርግ ወይ ክርስትና ካለባት፣ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ፦ ለሀበሻ ልብስ ሽሮሜዳ፣ ለአየሩ እንጦጦ፣ ለሥጋ ሱሉልታ። እኛ አምስት ነን፣ አራት ጊዜ ሄደናል፣ የመጀመሪያው ብዙ ነገር ስለተበላሸብን ነው ይሄን ምጽፍላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ብሩን ጨርሱት። ለምግብና ለታክሲ ሁላችሁም እኩል አዋጡና አንዷ ቴሌብር ላይ ይግባ፣ እሷ ትክፈል። የልብስ ብር ግን የየራስ ነው፣ አይቀላቀል። ካልሆነ ሂሳብ ሲመጣ "እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል" ይጀመርና በዛ ወር እጇ ያጠራት ልጅ ሳትናገር ተጨንቃ ትውላለች፣ ይሄ ደሞ በጣም ያሳዝናል። እኛ ትንሽ እቁብ አለችን፣ ከእጣው ላይ በየወሩ ቀንሰን ለዚህ እናስቀምጣለን።

ቀኑንም በደንብ ምረጡ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የተባለው ሽሮሜዳ ላይ በትክክል ይሰራል፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲደርስ ሰፊዎቹ ከአቅማቸው በላይ ይቀበላሉ፣ ቀሚሳችሁ ወይ አይደርስም ወይ ተጣድፎ ይሰፋል። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሂዱ። ወር በገባ በ21 እንጦጦ ማርያም፣ በ1 ደሞ ራጉኤል ስለሆነ የዛን ቀን መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ለመሳለም ካልሆነ ሌላ ቅዳሜ ፈልጉ። ሁዳዴ ከሆነ የሱሉልታውን ለፍስክ አቆዩት።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ሽሮሜዳ ድረሱ። ከአራት ኪሎም ከስድስት ኪሎም ታክሲ አለ፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አልፋችሁ ከፍ ስትሉ በግራ በቀኝ ነጭ በነጭ የተሰቀለበት ነው። መጀመሪያ ያያችሁት ሱቅ ላይ እንዳትገዙ! የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ዝም ብላችሁ እየገባችሁ ንኩ፣ ዋጋ ጠይቁ፣ ውጡ። ማንም አይቀየማችሁም።

አሁን ዋናው ነገር ልብሱን ማወቅ ነው። በእጅ የተሸመነና በማሽን ጥለት የታተመበት ጨርቅ ተሰቅሎ ሲታይ አንድ ይመስላል፣ ስለዚህ ገልብጡት። የታተመው ከጀርባው ፈዛዛ ነው፣ ቀለሙ ፊቱ ላይ ብቻ ነው ያለው። የተሸመነው ግን ከጀርባም ቀለሙ ያው ነው፣ ክሩ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲሻገር ታዩታላችሁ፣ በጣት ስትዳብሱትም ጥለቱ ትንሽ ጎርበጥ ይላል። ከዛ ወደ ብርሃን አንሱት፣ ፈትል (በእጅ የተፈተለ) ከሆነ ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካ ክር ግን እኩል ነው። የፋብሪካ ክር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለየቀኑ ይሻላል እንዲያውም፣ ግን በፈትል ዋጋ አትግዙት። ጥጥ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ ከጫፉ አንድ ክር ስጡኝ በሉና በክብሪት አቃጥሉት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ይሆናል።

ሌላ አንድ ነገር ደሞ አለ፣ እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚስ ገዝቼ አንዴ ለብሼው አጠብኩት፣ ቀዩ ለቀቀና ነጩ በሙሉ ሮዝ ሆነ፣ ለእህቴ ቅልቅል የገዛሁት ነበር እና አለቀስኩ። አሁን ሁሌ ነጭ ሶፍት ይዤ ነው ምሄደው፣ ሶፍቱን ውሃ ነካ አድርጌ ጥለቱ ላይ አሻለሁ፣ በተለይ ቀይና ጥቁር ላይ። ሶፍቱ ቀለም ከያዘ ትቼ እወጣለሁ። ባለሱቁ ሲያኮርፍ አይቼ አላውቅም፣ ጥሩ ልብስ ያለው ሰው እንዲያውም "እሺ፣ ፈትሺው እናቴ" ይላችኋል።

ዋጋ ላይ ደሞ አትጩሁ፣ አታጣጥሉ። የሰው እቃ እያናናቁ መከራከር ጥሩ አይደለም፣ ጥለቱን ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከቶ መወርወሪያ ሲወረውር የዋለ ሸማኔ ነው የሰራው፣ ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ ናቸው፣ ዶርዜዎቹ። "ትንሽ አስተያየት አድርጊልን፣ አምስት ነን፣ ሁላችንም ካንቺ ነው ምንገዛው" በቂ ነው። አብሮ መግዛት እውነትም ዋጋ ይቀንሳል፣ እኛ ሦስት ነጠላና ሁለት ጋቢ አንድ ላይ ስንወስድ ጥሩ ቀንሰውልናል። "የመጨረሻውን ንገሪን" ካላችሁ በኋላ ግን ስትስማማ መልሳችሁ አትቀንሱባት።

ጓደኛ እዚህ ጋ ነው ሚጠቅመው፣ ቀሚስ ብቻችሁን አትምረጡ። መስታወቱ ጠባብ ነው፣ ጀርባችሁን አታዩትም፣ ባለሱቋ ደሞ ሁሉም ያምርብሻል ትላለች። ከናንተ መሀል እውነቱን የምትናገረውን ልጅ ታውቋታላችሁ፣ እሷን ከፊት አስቀምጡ። ስትለኩም ለዛ ቀሚስ የምትለብሱትን ጡት ማስያዣና ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ርዝመቱ በስኒከር ተለክቶ በሂል ሲለበስ ያጥራል።

ምሳ እዛው ሰፈር ተጋቢኖ ብሉ፣ ትኩስ ነው ፈጣን ነው። ከባድ ነገር አትብሉ ምክንያቱም ከሰዓት እንጦጦ ነው።

ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ታክሲ አለ። ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፣ ለመራመድ ያልለመደች ጓደኛ ካለቻችሁ ቀስ በሉላት፣ ትንፋሽ ያጥራል። አዲሱን ጋቢ እዛው አውጥታችሁ ልበሱት፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ብርዱ ቀልድ አይደለም፣ እቴጌ ጣይቱም ወደ ፍልውሃው የወረዱት ያለምክንያት አይደለም። ምኒልክ በ1882 የነገሡበትን ቤተክርስቲያን ተሳልማችሁ ከጎን ያለውን የድሮ ቤተመንግሥት እዩት፣ ጭቃና እንጨት ነው፣ በጣም ትንሽ ነው፣ እኔ እዛ ስቆም ሁሌ ዝም ነው ምለው። በ2013 የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ፈረስም ዚፕላይንም አለ፣ እኛ ግን ከባህር ዛፉ ስር ቡና ይዘን ማውራቱን ነው የመረጥነው።

ጀበና የምትፈልጉ ከእንጦጦ ስትወርዱ ቀጨኔ ግቡ፣ ሸክላ የሚሰሩት እናቶች ሰፈር ነው። ሸክላ የመጨረሻ ግዢ ይሁን፣ ተይዞ አይዞርም። ጀበናውን በጣታችሁ አንኳኩት፣ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ቤት ስትገቡ በደንብ አሟሹት፣ የቡና አተላ ከውሃ ጋር ሁለት ሦስቴ አፍሉበት፣ አለበለዚያ ቡናው አፈር አፈር ይላል።

እሁድ ሱሉልታ። ከአዲሱ ገበያ ነው መኪናው፣ ጉለሌ እፅዋት ማዕከልን አልፎ ሜዳው ሲከፈት መስኮት ጋ ተቀመጡ። ከቤተክርስቲያን መልስ 5 ሰዓት አካባቢ ብትደርሱ ጥሩ ነው፣ ሥጋው ገና ብዙ ነው። ሥጋ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ወንበር አትያዙ፣ ወደ ቆራጩ ሂዱ። የተሰቀለው ሥጋ የምርመራ ማህተም አለው? ከዛ ጠቁሙ። ለአምስት ሴት አንድ ኪሎ ተኩል በቂ ነው፣ ግማሽ ኪሎውን ከሻኛና ከታላቅ ለጥሬ፣ የቀረውን ዝልዝል ጥብስ። አዋዜውን ቅመሱትና ካልጣማችሁ ሰናፍጭ ጠይቁ። እርጉዝ ካለች ግን ጥሬውም ያልፈላው ወተትም ይቅርባት፣ "ትንሽ ብቻ" ብላችሁ አታባብሏት፣ ጥብሱ በደንብ ይብሰልላት። ለሌላውም ቢሆን ጥሬ ኮሶ ያመጣል፣ ይሄን አውቃችሁ ነው ምትበሉት።

በመጨረሻ አይብና እርጎ ገዝታችሁ ተመለሱ፣ ክዳን ያለው እቃ ከቤት ያዙ፣ በፌስታል የተቋጠረ እርጎ አዲሱ ቀሚስ ላይ ቢፈስ ሁሉም ነገር ይበላሻል። እና ሰፊዋ የሰጠቻችሁን ደረሰኝ ፎቶ አንሱና ግሩፑ ላይ ልቀቁት፣ ለመለካት ስትጠሩ ከጓደኞቻችሁ አንዷ እንኳን አብራችሁ መሄድ ካልቻለች ብቻችሁን እንዳትሄዱ፣ ቀኑን ቀይሩት።