የሳይበር ጥቃት መረጃን የደንበኛን አመኔታ ሳያጡ ማካፈል፦ ለአውሮፓ ድርጅቶች

ጥቃት መድረሱን በእርግጠኝነት ያወቃችሁበትን ሰዓት ወዲያው መዝግቡ። የአውሮፓ ኅብረት የሳይበር ደኅንነት ሕግ የሆነው ኒስ 2 መመሪያ የሚመለከታቸው ድርጅቶች ከባድ ክስተት ሲገጥማቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቂያ፣ ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ የመጨረሻ ሪፖርት ለአገራቸው የሳይበር ምላሽ ቡድን ወይም ለተቆጣጣሪው ይልካሉ። የግል መረጃ ከተነካና ባለቤቶቹን ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ በጂዲፒአር (በኅብረቱ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ) ሌላ የ72 ሰዓት ግዴታ አለ፤ ይህኛው የሚሄደው ለመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ነው። አንዱን ልኮ ሁለቱንም እንደጨረሱ ማሰብ የተለመደ ስህተት ነው። ሁሉም እስኪጣራ አትጠብቁ፤ የጎደለውን በየደረጃው መላክ ይፈቀዳል።

ለሌሎች ድርጅቶች የሚጠቅማቸው ጥቃቱ የሚለይበት ምልክት ነው፦ የፋይሉ ሻ-256 ሃሽ (ከይዘቱ ተሰልቶ እንደ ጣት አሻራ የሚለየው ኮድ)፣ የአጥቂው ዶሜይንና አይፒ አድራሻ፣ የገባበት ቀዳዳ። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ጻፉ፤ ሄልሲንኪና ሊዝበን በ2 ሰዓት ስለሚለያዩ የአገር ሰዓት ተቀባዩን ያሳስታል። ጥሬ ሎግ (ሲስተሙ የሚይዘውን የክንውን መዝገብ) አትላኩ። የሠራተኛ ስም በፋይል አድራሻ ውስጥ፣ የደንበኛ ኢሜይል በስክሪን ፎቶ ጥግ ላይ ተደብቆ ይወጣል። ኢሜይልን ወደ ሃሽ መቀየርም ስም አልባ አያደርገውም፤ የኢሜይል ዝርዝር ያለው ሰው ሁሉ ሃሽ አድርጎ ያመሳክረዋል።

በእያንዳንዱ መልእክት ላይ መረጃው እስከ ማን ሊካፈል እንደሚችል የሚያሳየውን የቲኤልፒ ቀለም አኑሩ፦ ቀይ ለተቀባዩ ግለሰብ ብቻ፣ አምበር ለድርጅቱና እንደ አስፈላጊነቱ ለደንበኞቹ፣ አረንጓዴ ለሙያው ማኅበረሰብ። ለድርጅቱ ብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ “አምበር ስትሪክት” በሉት። የጥቃት ምልክቶች በሚጋሩበት በሚስፕ መድረክ ስታካፍሉ ብዙ ድረ ገጾች የሚጋሩትን አይፒ ለማገጃ ምልክት አታድርጉበት፤ ተቀባዮቹ በራስ ሰር ሲያግዱት ንጹሐን ገጾችም አብረው ይዘጋሉ።

አደጋው ለደንበኞች ከፍተኛ ከሆነ ሳትዘገዩ በቀጥታ ንገሯቸው። ምን እንደተነካ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ ምን እርምጃ እንደወሰዳችሁ፣ ማንን እንደሚጠይቁ በቀላል ቋንቋ ይጻፍ፤ ከማስታወቂያ ጋር አይደባለቅ። ሎጉ ሳይጣራ “የይለፍ ቃል አልወጣም” አትበሉ። በሳምንቱ የምታርሙት ማረጋገጫ ከጥቃቱ በላይ አመኔታን ይጎዳል።

የአመኔታውን ለውጥ ለአጋሮች ስታካፍሉ የተዘጉ አካውንቶችንና የቅሬታ ጥሪዎችን ከጥቃቱ በፊት ከነበሩት ሳምንታት ጋር አነጻጽራችሁ በመቶኛ ስጡ። ከ10 ሰው በታች የሆነ ቡድን ካለ ግለሰቡ እንዳይታወቅ ከሌላ ቡድን ጋር ቀላቅሉት።