ከኮንዶሚኒየም ራይድ ስትጠሩ መኪናው እንዳይጠፋባችሁ

ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ ሆኖ ራይድ፣ ማለትም በአፕ የሚጠራ ታክሲ፣ የሚጠራን ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው የመነሻ ቦታው ነው። ብሎኮቹ ይመሳሰላሉ፤ የውስጥ መንገዶቹም አብዛኞቹ ስም የላቸውም።

ቤት ውስጥ ሆናችሁ አትጥሩ። የጂፒኤስ ሲግናል ከሳተላይት ሲደርስ ደካማ ነው፤ ኮንክሪት ያዳክመዋል፣ በብሎኮች መካከል ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ስለሚመጣ ስልኩ ርቀቱን አሳስቶ ያሰላል። ካርታው ላይ ሰማያዊዋን ነጥብ እዩ። የከበባት ፈዛዛ ክብ ሰፊ ከሆነ ስልኩ ያላችሁበትን ቦታ ገና በትክክል አላወቀም። ሰማይ ወደሚታይበት ውጡና ክቡ እስኪጠብ ጠብቁ።

ቀጥሎ ካርታውን አጉልታችሁ ፒኑን፣ ማለትም የመነሻ ቦታችሁን የሚያሳየውን ምልክት፣ የግቢው በር ወይም ዋናው አስፋልት ላይ አድርጉት። ብሎኩ መሃል ከተዋችሁት አፑ መኪናውን በቅርብ ወዳገኘው መንገድ ይልከዋል። ያ መንገድ በጀርባ በኩል፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ከሆነ ሾፌሩ እዚያ ቆሞ «ደርሻለሁ» ይላችኋል፤ እናንተም እዚህ በር ላይ ትጠብቃላችሁ። ራቅ ብላችሁ ለእናታችሁ ስትጠሩማ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ፒኑን ካላዛወራችሁት መኪናው እናንተ ጋ ይመጣል።

ሾፌሩ ሲደውል «ኮንዶሚኒየሙ ጋ ነኝ» ማለት አይጠቅመውም። መጀመሪያ ሳይቱን (የኮንዶሚኒየሙን ሰፈር ስም)፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የብሎክ ቁጥር፣ በመጨረሻ ከመንገድ የሚታይ ነገር ንገሩት። ሳይቱ የሚቀድመው ያው የብሎክ ቁጥር ሌላ ሳይት ላይም ሊኖር ስለሚችል ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በ8294 ራይድን፣ በ6090 ደግሞ ፈረስ የተባለውን ሌላ የታክሲ አገልግሎት ደውሎ መጥራት ይችላል፤ በስልክ ሲጠራ ግን ይህ ገለጻ ፒኑን ስለሚተካ በደንብ ይዘጋጅበት።

ሾፌሩ ከሩቅ እየመጣ ከሆነ ጉዞውን ሊሰርዘው ይችላል፤ እናንተ ጋ እስኪደርስ የሚያቃጥለውን ነዳጅ ማንም አይከፍለውም። ስለዚህ አስፋልቱ ድረስ ወጥታችሁ ጥሩ። መሃል ከተማ ለመግባት ከሆነ ደግሞ እስከ ባቡሩ ብቻ በመኪና መሄድ ያዋጣል ባዮች ነን። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በአንድ በኩል ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ በሌላ በኩል ከቃሊቲ ወደ ፒያሳ አቅጣጫ ይሄዳል።

ሂሳቡን በቴሌብር ስትከፍሉ ዳታ ባይኖርም *127# ይሠራል። የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት የሚመጣውን ስም ለሾፌሩ አንብቡለት፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ገንዘቡ ሌላ ሰው ጋ ይገባል። መሃል ላይ ኔትወርክ ከተቋረጠ ወዲያው ደግማችሁ አትላኩ። የመጀመሪያው ክፍያ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ቀሪ ሂሳባችሁን አስቀድማችሁ እዩ። ለማንኛውም ለአንድ ጉዞ የሚበቃ ዝርዝር ብር ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ።