ሆጅኪን ሊምፎማ ነው ሲባሉ፦ ከመጀመሪያው መርፌ በፊትና በኋላ

ሆጅኪን ሊምፎማ የሊምፍ ዕጢዎች (ሰውነት በሽታን የሚከላከልባቸው ትናንሽ ዕጢዎች) ካንሰር ነው። አራተኛ ደረጃ ላይ ተደርሶ እንኳ የሚድኑ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ደረጃውን ሲሰሙ ተስፋ አይቁረጡ።

በቅድሚያ ለምርመራ የተወሰደው የዕጢ ናሙና እንዴት እንደተወሰደ ይጠይቁ። የበሽታው ሕዋሳት በዕጢው ውስጥ ጥቂት ስለሆኑ ቀጭን መርፌ ሊስታቸው ይችላል፤ ዕጢው ሙሉውን ወጥቶ ቢመረመር ይመረጣል። የበሽታው ምልክቶች፣ ማለትም ትኩሳቱ፣ የሌሊት ላቡና ክብደት መቀነሱ፣ ከቲቢ ጋር ስለሚመሳሰሉ በአገራችን ለወራት የቲቢ መድኃኒት ሲውጡ ቆይተው ወደ ካንሰር ሕክምና የሚደርሱ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናል።

ወደፊት ልጅ መውለድ ከፈለጉ ሕክምናው ሳይጀመር ለሐኪምዎ ይንገሩ።

በብዛት የሚሰጠው ኤቢቪዲ የሚባለው የአራት መድኃኒቶች ጥምረት ነው። በየ14 ቀኑ በደም ሥር ይገባል፤ ሁለት ጊዜ ሲሰጥ አንድ ዙር፣ ማለትም 28 ቀን ይሆናል። ከአራቱ ቀዩ ዶክሶሩቢሲን ሽንትን ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል፤ ደም አይደለምና አይደንግጡ። መርፌው የገባበት ቦታ ካቃጠለዎት ግን መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቶ ሥጋን ሊጎዳ ስለሚችል ወዲያው ነርሷን ይጥሩ። ብሊዮማይሲን ደግሞ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል፤ ደረቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ አሁኑኑ ያቁሙ።

ቴርሞሜትር ይግዙ። ሙቀትዎ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይሂዱ። ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ በሕክምናው ምክንያት ነጭ የደም ሕዋስ ሲያንስ የሚገባውን ኢንፌክሽን አያቆምም።