በድሬዳዋ ጓሮ ትናንሽ የዱር እንስሳትን መመልከትና ፎቶ ማንሣት

የከተማዋ ወንዝ ደቻቱ አሸዋ ብቻ ሆኖ በሚታይባቸው ደረቅ ወራት፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት፣ አንድ ጥልቀት የሌለው የሸክላ ሳህን ውኃ ከየትኛውም ውድ ሌንስ ይበልጥ እንስሳ ያቀርባል። ሳህኑን ከቁጥቋጦ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ አርቀው፣ ጥላው ጠዋት በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት። ከቅጠሉ ሥር ከተጠጋ ድመት ትሸምቅበታለች፤ ከመጠን በላይ ከራቀ ደግሞ ወፏም ሆነች የመሬት ሽኮኮዋ መሸሻ ስለማታገኝ አትደፍረውም። የውኃው ጥልቀት ከሦስት ጣት አይብለጥ፤ መሐሉ ላይም ጫፉ ከውኃው በላይ የሚወጣ ሻካራ ድንጋይ ይኑር። እኔ መጀመሪያ ያስቀመጥሁት የፕላስቲክ ባልዲ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት እንሽላሊት በለስላሳው ግድግዳ መውጣት አቅቷት ሰጥማ አገኘኋት። ድንጋዩን የተማርሁት ከእርሷ ነው።

ይህ ምክር ግን በድሬዳዋ አንድ ከባድ ግዴታ ያስከትላል። ከተማዋ በ2006 ዓ.ም. በደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተመትታለች፤ ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በበርሜል፣ በጎማና በእንዲህ ዓይነቱ ሳህን በተጠራቀመ ውኃ ነው። ወባን የምታስተላልፈውና በቅርብ ዓመታት ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች የገባችው አዲሷ የወባ ትንኝም የከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ትወዳለች። እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን በሞቃት አየር አንድ ሳምንት ገደማ ስለሚበቃው፣ ሳህኑን በየሁለት ቀኑ ሙሉ በሙሉ ይድፉት፤ መድፋቱ ብቻም አይበቃም፣ የደንጊ ትንኝ እንቁላል ከሳህኑ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆም ሊቆይ ስለሚችል በብሩሽ ፈግፍገው ይጠቡት። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ውኃ ባያስቀምጥ ይሻላል፤ የእሬት ተክል ይትከል፣ አበባው ሲፈነዳ ረጅም ምንቃር ያላቸው ትናንሾቹ ወፎች ማሩን ፈልገው ይመጣሉ።

ቀጥሎ የሚቀመጡበትን ቦታ ይወስኑ። ወንበሩን ከሳህኑ አራት ወይም አምስት ሜትር አርቀው፣ ፀሐይ በጠዋት ከጀርባዎ በሚሆንበት በኩል ያድርጉት፤ ለአንድ ሳምንትም ካሜራ ሳይዙ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይቀመጡበት። ይህን ክፍል የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ከዚያም እንስሳቱ ሸሹብኝ ብሎ ያማርራል። የጓሮ እንስሳ ሰው መኖሩን ሳይሆን የሰው ድንገተኛነትን ይፈራል፤ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት መጥቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥን ሰው ከግንብና ከግንድ ጋር ይቆጥረዋል። ውሻ ካለ በዚያ ሰዓት ይታሰር። ካሜራው ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያይ ከሆነም አስቀድሞ ለጎረቤት መንገር ጨዋነት ነው፤ በአጥር ላይ የተደገነ ሌንስ ለወፍ ነው ቢባል ማንም አያምንም።

ከተማዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ በመሆኗ የእንስሳቱን ሰዓት የሚወስነው ሙቀት ነው። ገበሎ የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ ስለሚያገኝ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግንብ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ገና ስላልነቃም በቀስታ ከቀረቡት አይሮጥም። ወንዱ ራሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ካዩ ሰላምታ አይደለም፤ ይህ ግንብ የእኔ ነው እያለ ሌላውን ወንድ ያስጠነቅቃል፤ ለፎቶ ከሁሉ የሚያምረውም ይህ ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ሱቁም ሰውም እንስሳውም ጥላ ፍለጋ ስለሚገባ ካሜራውን ያሳርፉት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ፀሐይ በቀትር ልክ አናት ላይ ስለምትቆም የእንስሳው ፊት ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል።

ለማንሣት ስልክ ይበቃል፤ ነገር ግን በጣት ዘርግቶ ማቅረብ ምስሉን ስለሚያደበዝዘው፣ ሩቁን የሚያቀርብ ሁለተኛ ሌንስ ያለው ስልክ ከሆነ በእርሱ ይጠቀሙ፣ ከሌለውም ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ በጡብ አስደግፈው በቪዲዮ ይተዉት። ካሜራ ያለው ሰው ለተቀመጠ ገበሎ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/250 ሰከንድ፣ ውኃ ለምትጠጣ ወፍ ቢያንስ 1/1000 ያድርግ። በነጭ የተቀባ ግንብ ካሜራውን ያታልለዋል፤ ግንቡ ብሩህ ስለሆነ ካሜራው ምስሉን ያጨልመዋል፣ እንስሳውም ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በስልክ ከሆነ ጣትዎን እንስሳው ላይ ለአፍታ ተጭነው ወደ ላይ በመሳብ ብርሃኑን ይጨምሩ። ትኩረቱ ሁልጊዜ ዓይኑ ላይ ይረፍ፤ እርስዎም ቆመው ወደ ታች ከሚያነሡ በሆድዎ ተኝተው በዓይኑ ልክ ያንሡ። ልብስ ይታጠባል።

ሌሊት ሌላ ጓሮ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ የግድግዳ እንሽላሊት መብራት ሥር ነፍሳት ያድናል፤ ቆብ የሌላቸውን ዓይኖቹን በምላሱ ሲልስ ማየት ብቻውን መጠበቁን ይክሳል። እስስት ቀን ከቅጠል ጋር ተመሳስሎ ቢሰወርም፣ ሲተኛ ቀለሙ ስለሚገረጣ በባትሪ ብርሃን ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ደምቆ ይታያል። ብዙ ሰው እስስትን ስለሚፈራ በድንጋይ ይመታዋል፤ ነገር ግን መርዝ የለውም፣ ፌንጣና ዝንብ ከመብላት በቀር በማንም ላይ ጉዳት አያደርስም። ብልጭታ አይጠቀሙ፤ ባትሪውን በቀይ ላስቲክ ሸፍነው አንድ ሁለት ፎቶ አንሥተው ይተዉት፣ ከቅርንጫፉም አያውርዱት። ለእባብ ሲባል ጫማ ያድርጉ፣ እጅዎንም ባትሪ ያላየበት ቦታ አይስደዱ።

በቀን ከሰው ሳይሸሽ የሚቀርብ ሙጭልጭላ ካዩ ደስ አይበልዎት፤ የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሊሆን ስለሚችል ወደ ቤት ይግቡ። ማንኛውም አጥቢ የዱር እንስሳ ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በሌሊት ማን እንደሚመላለስ ለማወቅ ከደቻቱ የመጣ ደቃቅ አሸዋ ነፍተው፣ በአጥሩ ቀዳዳና በዶሮው ቤት መካከል ማታ በስሱ ይንዙት። ጠዋት ዱካው ላይ የጥፍር ምልክት በግልጽ ከታየ ሙጭልጭላ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ጥፍሩን እንደ ድመት አያስገባምና። የጥፍር ምልክት የሌለው ክብ ዱካ የሸለምጥማጥ ወይም የጎረቤት ድመት ሊሆን ይችላል። ዶሮዎቹን ከመጨለሙ በፊት ዘግተው፣ እንቅስቃሴ ሲያይ በራሱ የሚያነሣውን ካሜራ በዚያው መንገድ ላይ በጉልበት ቁመት አስረው ያስቀምጡት፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎ የማግስቱ ፎቶ ነው።