ሮቶው የሚሞላው ተማሪ በሌለበት ነው፦ የጣሪያ ውሃ ስናጠራቅም የምንሠራቸው ስህተቶች

ወሎ ገጠር አስተምሬያለሁ። ልጆቹ ውሃ በሃይላንድ ከቤት ይዘው ይመጡ ነበር። አንድ ዓመት ሮቶ ተተከለልንና ደስታችን ልክ አጣ። መስከረም ላይ ቧንቧውን ስንከፍት ግን የቡና አተላ የመሰለ ነገር ወረደ። ሽታውን ተዉት። ጥፋቱ የሮቶው አልነበረም፤ የእኛ ነው።

አንደኛ፣ ቆልፈን ሄድን። የወሎ ትልቁ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ መምህሩ አገሩ ገብቷል፣ ልጁ ከብት ጥበቃ ላይ ነው። ሮቶው ሰው ሳያየው ይሞላል። ስለዚህ ጣሪያውና አሸንዳው ሰኔ ላይ፣ ሳንለያይ መጠረግ አለበት። ለክረምቱም አንድ ሰው በስሙ ይረከበው፤ ጥበቃውም ይሁን ጎረቤት። «ሁላችንም እናየዋለን» ከተባለ ማንም አያየውም።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ አስገባን። ከደረቅ ወራት በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው የጣሪያ እጣቢ ነው፦ የወፍ ኩስ፣ አቧራ፣ የባህር ዛፍ ቅጠል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ይሆናል። ጣሪያው 100 ካሬ ከሆነ የመጀመሪያው 100 ሊትር ያህል ሮቶ ውስጥ መግባት የለበትም። ቱቦውን ነቅሎ ወደ በርሜል ማዞር ይበቃል፤ ችግኝ ይጠጣዋል። በልግ የሚዘንብበት ደጋ ላይ ይኸው ሥራ በልጉ ሲገባ ይደገማል።

ክዳኑንም ክፍት ትተነው ነበር። እንደ ቆቦና ባቲ ባለ ቆላ ይህ ወባ መጥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው፣ ለአገራችን አዲስ የሆነች የወባ ትንኝ፣ አኖፌሊስ ስቴፈንሲ፣ ደግሞ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት ትወዳለች። ክዳኑ ይቆለፍ፤ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ አፍም ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይልበስ።

«የሰማይ ውሃ እኮ ንጹህ ነው» የሚለውን ብዙ ሰምቻለሁ። ከሰማይ አዎ። ግን በጣሪያው በኩል ነው የመጣው። ለሚጠጣው ውሃ፣ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ ይጥለል፤ ድፍርስ ውሃ የመድኃኒቱን ጉልበት ይበላዋል። ለመቶዎች ልጆች አፍሉ የሚል ሰው እንጨቱንም ይዞ ይምጣ።

መሠረቱን በአጭሩ ልበል። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። በልል አፈር ላይ አቁሞ ልጅ በሥሩ ማጫወት ያስፈራል።

በሁለተኛው ዓመት ውሃው ጠራልን። 250 ተማሪ በቀን ግማሽ ግማሽ ሊትር ቢጠጣ፣ 5,000 ሊትር 40 የትምህርት ቀን ያስኬዳል፤ ኅዳር ያደርሰን ነበር። የእኛ ጥቅምት ሳይጋመስ አለቀ። የክፍል ወለል እናጥብበት ነበር።