በዋሽንግተን ዲሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ ለሚወጡ፦ ከፈቃድ እስከ ኮንግረስ ስልክ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሰልፍ ለመውጣት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የሚቆምበት መሬት የማን እንደሆነ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ የሚጠብቅዎት ፖሊስ፣ የፕላካርዱ መጠን፣ ለአረጋውያን ወንበር ማምጣት መቻል አለመቻልዎ ሁሉ በዚህ ይወሰናል። መንገድ ተሻግረው ጥቂት እርምጃ ሲሄዱ ሕጉም ፖሊሱም ሊቀየር ይችላል። የጀማሪ አስተባባሪዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከአንዱ ፖሊስ ጋር ተነጋግረው ጨርሰው ሌላው በሚያዝበት ቦታ ቆመው ይገኛሉ።

መሬቱ የማን ነው?

ከኋይት ሀውስ ፊት ለፊት ያለው ላፋዬት ፓርክ፣ ከኋይት ሀውስ ሰሜናዊ አጥር ሥር ያለው የእግረኛ መንገድና ናሽናል ሞል (ከካፒቶል እስከ ሊንከን መታሰቢያ ያለው ሰፊ መናፈሻ) በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ናቸው። እዚያ ሕግ የሚያስከብረው ፓርክ ፖሊስ ነው፤ በኋይት ሀውስ ዙሪያ ደግሞ ሲክሬት ሰርቪስ (ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት) በማንኛውም ሰዓት ቦታውን ሊዘጋው ይችላል፤ ፈቃዱ በእጅዎ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ሁለተኛ የመሰብሰቢያ ቦታ አስቀድመው ይምረጡ፤ በቀኑም ጠዋት አንድ ሰው ልከው መከፈት አለመከፈቱን ያሳዩ።

የከተማው ጎዳናዎችና የእግረኛ መንገዶች የዲሲ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ክልል ናቸው። የኮንግረሱ ግቢ (ካፒቶል) የካፒቶል ፖሊስ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የራሱ ፖሊስ አለው፤ ደረጃውና እብነ በረድ የተነጠፈው አደባባይ ላይ ሰልፍ ክልክል ሲሆን፣ ከአደባባዩ ውጪ ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ግን ፕላካርድ ይዞ መቆም እንደሚቻል ፍርድ ቤቱ ራሱ በ1983 ወስኗል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚገኘው ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ፣ በቀዩ የሜትሮ መስመር ቫን ነስ ጣቢያ አካባቢ ነው። ከኤምባሲዎች 500 ጫማ ርቀት ውስጥ የዚያን አገር መንግሥት የሚነቅፍ ጽሑፍ መያዝን ይከለክል የነበረውን ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 ሽሮታል። ለኤምባሲው ደኅንነት ስጋት ሲኖር ፖሊስ ሰውን መበተን ይችላል የሚለውን ክፍል ግን አልሻረውም። «ተበተኑ» ከተባለ በኋላ እዚያው መቆየት ያሳስራል። የኤምባሲው ግቢ ውስጥ መግባትማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከአጥሩ ውጪ ይቁሙ።

ስንት ሰው ነን?

በፓርክ መሬት ላይ እስከ 25 ሰው ያለ ፈቃድ መሰለፍ ይቻላል። በካፒቶል ግቢ 20 ሰው ከደረሳችሁ ፈቃድ ያስፈልጋል። በከተማው የእግረኛ መንገድ ላይ ከ50 በታች ከሆናችሁና ወደ አስፋልት ካልወረዳችሁ ለከተማው ፖሊስ ማሳወቅ ግዴታ አይደለም። ከዚያ በላይ ብትሆኑም የትራፊክ መብራት እያከበራችሁ፣ ለሌላው እግረኛ ማለፊያ እየተዋችሁ በእግረኛ መንገድ ላይ መሄድ ትችላላችሁ። ይህ የከተማው መንገድ ደንብ በ2004 የወጣው የዲሲ ሕግ ነው።

ከዚህ በፊት ሰልፍ አስተባብሮ ለማያውቅ ሰው ምክራችን ከ20 በታች ሆናችሁ እንድትጀምሩ ነው። ያን ያህል ሰው ያለ ፈቃድ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ይቆማል፤ ሁሉም ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል፤ ለማስተባበር አንድ የስልክ ግሩፕ ይበቃል። ሺህ ሰው ጠርቶ ሰማንያ ሲመጣ ፎቶው የሚያሳየው ባዶውን ሣር ነው።

ፈቃድ ማውጣት

ከ25 በላይ ከሆናችሁና ላፋዬት ፓርክ ወይም ሞል ላይ ከሆነ ማመልከቻው ለፓርኮች አገልግሎት ይገባል። ቢያንስ 48 ሰዓት ሲቀረው መድረስ አለበት፤ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞም ማስገባት ይቻላል። ደንቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተከለከለ እንደተፈቀደ ይቆጠራል ይላል፤ በዚህ ተማምኖ መዘግየት ግን አይበጅም። ቦታ የሚሰጠው ቀድሞ ላመለከተ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከፈለጉ ሦስት አራት ሳምንት ቀድመው ያስገቡ። ለሰልፍ የማመልከቻ ክፍያ የለም፤ «ፈቃድ አወጣልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ይህን ያስታውሱ።

ቅጹ የሚጠይቀው የኃላፊውን ስምና ስልክ፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሚጠበቀውን የሰው ብዛት፣ የሚመጣውን ዕቃ (ድምፅ ማጉያ፣ ጠረጴዛ፣ መድረክ)፣ የሥነ ሥርዓት አስከባሪዎችን ቁጥርና ሰልፉን ሊረብሽ የሚችል ወገን እንዳለ ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ በሀፍረት ባዶ አይተዉት። የእኛ ሰው ሰልፍ ብዙ ጊዜ ተቃራኒ ሰልፍ ይወልዳል፤ ፖሊስ አስቀድሞ ካወቀ በሁለታችሁ መካከል አጥር ያቆማል። የሰው ብዛት ላይ ፌስቡክ ላይ «እመጣለሁ» ያለውን ቁጥር አይጻፉ። የኋይት ሀውስ የእግረኛ መንገድ ጣሪያው 750 ሰው፣ የላፋዬት ፓርክ 3,000 ነው፤ ከዚያ በላይ ከፈለጉ ጥያቄው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መግባት አለበት።

ሰዓቱ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ፈቃዱ ራሱ ነው፤ በአሜሪካ ሰዓት ከ10 እስከ 12 የወሰደ አስተባባሪ ሰዉ በ11፡45 ሲሞላለት ለመበተን ይገደዳል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ሰዓት ጨምረው ያመልክቱ፤ ዕቃ ማስገቢያውና ማንሻውም ከዚያ ላይ ነው የሚታሰበው። ሁለተኛው በራሪ ወረቀቱ ነው። በአማርኛ «4 ሰዓት» ብለው ከጻፉ እኩሌታው ከሰዓት በኋላ በ4 ይመጣል። «10 ኤ.ኤም.» ብለው በግልጽ ይጻፉት።

ከላፋዬት ፓርክ ተነሥቶ ጎዳና ላይ እየሄደ ካፒቶል የሚደርስ ሰልፍ ሦስት ቦታ ያስጠይቃል፦ ፓርኮች አገልግሎት፣ ለጎዳናው የከተማው ፖሊስ፣ ለመጨረሻው የካፒቶል ፖሊስ። አንዱ ዘንድ ያገኙት ወረቀት ሌላው ዘንድ ዋጋ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መዋል ይሻላል።

ፕላካርድ፣ ሰንደቅ፣ ዕቃ

በኋይት ሀውስ የእግረኛ መንገድ ላይ ፕላካርድ ከካርቶን፣ ከወፍራም ወረቀት ወይም ከጨርቅ ብቻ መሠራት አለበት፤ ስፋቱ ከ3 ጫማ፣ ርዝመቱ ከ20 ጫማ፣ ውፍረቱ ከሩብ ኢንች መብለጥ የለበትም። መያዣው እንጨት ሆኖ ውፍረቱ ከሦስት አራተኛ ኢንች በሦስት አራተኛ ኢንች መብለጥ የለበትም። የብረት ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ዘንግ ይነጠቃል፤ ትልቁን ባንዲራ ያመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የሚበሳጨው እዚህ ነው። ዱላ አልባ ፕላካርድ ሰልፍ በሚፈቀድበት ሁሉ በሁለት እጅ ይያዛል፣ ማንም አይከራከርዎትም።

ፕላካርድ አጥሩ ላይ ማሰርም ማስደገፍም አይቻልም። ከመንገዱ መሐል ነጥብ ግራና ቀኝ 10 ያርድ ባለው ቦታ ላይ ፕላካርድ ይዘው መራመድ እንጂ መቆም ክልክል ነው። ጀማሪ ደግሞ ለፎቶ የሚቆመው ሁልጊዜ እዚያው መሐል ላይ ነው። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የማስመሰያ ሬሳ ሣጥን እዚህ የእግረኛ መንገድ ላይ አይፈቀድም፤ ተሽከርካሪ ወንበርና የሕፃን ጋሪ ይፈቀዳል። ቦርሳና ካፖርት ከምሮ መተውም ክልክል ነው። ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች ማረፊያ የሚያስፈልግ ከሆነ ሰልፉን መንገዱን ተሻግረው ላፋዬት ፓርክ ውስጥ ያድርጉት፤ ወንበሮቹን ግን ቅጹ ላይ ያስመዝግቡ።

ለድምፅ በእጅ የሚያዝ ሜጋፎን ይበቃል፤ ትርፍ ባትሪ ይያዙ። ድሮን አያምጡ። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ዙሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር የተከለከለ ስለሆነ ሠርግ የሚቀርጸው ወዳጅዎ እዚህ አይሞክረው።

ጽሑፉ ከመንገድ ማዶ መነበብ አለበት፦ ቢበዛ ሰባት ቃል፣ በእንግሊዝኛ፣ ጥቁር በነጭ ላይ። የአማርኛ መፈክር ለራሳችን ሰው ሞራል ነው፤ ውሳኔ ሰጪው አያነበውም። ጥያቄው ውስጥ ማን ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ይኑር። «ፍትሕ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰልፍ አላፊው ሰው ስለ የትኛው አገር እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ያልፈዋል።

በዕለቱ

ከፖሊስ ጋር የሚነጋገረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ፈቃዱን አትሞ ይያዝ፣ እንግሊዝኛው የማያስቸግረው ይሁን፣ ቶሎ የሚቆጣ አይሁን። ለ20 ወይም 25 ሰው አንድ አስከባሪ፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ። የአስከባሪው ሥራ ሰውን ከአስፋልት መመለስና ከተቃራኒው ወገን ጋር ስድብ የሚለዋወጠውን ዘወር ማድረግ ነው። ለላፋዬት ፓርክ ማክፐርሰን ስኩዌር ወይም ፋራገት ዌስት ጣቢያ ይውረዱ፤ መኪና ይዞ መምጣት ጊዜ መግደል ነው። በሐምሌ ሙቀት ውሃ፣ ኮፍያና መድኃኒት የግድ ነው።

ከመቅረጽዎ በፊት ሰዎችን ያስፈቅዱ። ቤተሰቡ አገር ቤት ያለ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ፊቱ ቲክቶክ ላይ እንዲወጣ ላይፈልግ ይችላል። እርግጥ አደባባይ ላይ ማንም ማንንም መቅረጽ ስለሚችል፣ መታየት የማይፈልግ ሰው ባይመጣ ይሻለዋል።

የዲሲ ፖሊስ ሰልፍ ሲበትን ትእዛዙ በግልጽ መሰማት፣ የመውጫ መንገድ መጠቆምና በቂ ጊዜ መስጠት አለበት። ትእዛዙ ልክ አይደለም ብለው ቢያምኑም እዚያው አይከራከሩ፤ ይቅረጹ፣ ሰዓቱንና የፖሊሱን መለያ ቁጥር ይያዙ፣ ይውጡ። ደማቅ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረጉ ሰዎች ካዩ የናሽናል ሎየርስ ጊልድ (የጠበቆች ማኅበር) የሕግ ታዛቢዎች ናቸው።

ወረቀትዎ ዜግነት ካልሆነ

የመሰብሰብ መብት ለዜጋ ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ መታሰር የሚያስከትለው ግን አንድ አይደለም። ከ2025 ጀምሮ በተቃውሞ ተሳትፏቸው ምክንያት ቪዛቸው የተሰረዘባቸው ተማሪዎች አሉ። በተማሪ ቪዛ ያለ ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ያለ ሰው ከመውጣቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱን መያዝ ሕጉ ያስገድደዋል።

አስፋልት ላይ ተቀምጠው በፈቃዳቸው የሚታሰሩ አሉ፤ ይህ ዜጋ ለሆነ ሰው የሚቀር ሥራ ነው። ዲሲ ውስጥ በቀላል ጥፋት የተያዘ ሰው ጥቂት ገንዘብ አስይዞ፣ ገንዘቡን ትቶ እንዲወጣ ሊፈቀድለት ይችላል። ጥፋተኛ መባል አይደለም፤ ለዚህም ሰው «አለቀ» ብሎ ይሄዳል። አላለቀም። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 «ታስረህ ታውቃለህ?» እንጂ «ተፈርዶብሃል?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም። ከመክፈልዎ በፊት ጠበቃ ያነጋግሩ። የጠበቃውን ስልክ ክንድዎ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ፤ ስልክዎ ይወሰድብዎታልና። ስልኩን በፊት ወይም በጣት አሻራ ሳይሆን በቁጥር ብቻ የሚከፈት ያድርጉት፤ ፖሊስ ውስጡን ለማየት የፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያስፈልገው በ2014 ተወስኗል።

ሰኞ ጠዋት

ሰልፉ ያለ ስልክ ጥሪ ግማሽ ሥራ ነው። በ202-224-3121 የካፒቶልን ኦፕሬተር ይደውሉና የሚኖሩበትን አካባቢ ተወካይ ቢሮ ይጠይቁ። ስም፣ ከተማ፣ ዚፕ ኮድ፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዜጋ ባይሆኑም ነዋሪ ነዎትና መደወል ይችላሉ። የሌላ ስቴት ተወካይ ቢሮ ግን ዚፕ ኮዱን ሰምቶ በጨዋነት ያሰናብትዎታል። ዲሲ ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሴናተር የለውም፤ የምክር ቤት ተወካዩም በመጨረሻው ድምፅ አይሳተፍም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ግን ሁለት ሴናተርና አንድ ተወካይ አለው። ስለዚህ የሰልፉን መመዝገቢያ ወረቀት በዚፕ ኮድ ይለዩት፤ የሜሪላንዱ ለሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያው ለቨርጂኒያ ይደውል።

ለምሳሌ ኤች.ሬስ. 128 የተባለው ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው ውሳኔ በ2017 ቀርቦ ሚያዝያ 2018 ላይ በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። አስገዳጅ ሕግ አልነበረም፤ በይዘቱም ሁሉም ኢትዮጵያዊ አልተስማማም። ለጀማሪ የሚጠቅመው መንገዱ፣ ማለትም የራስን ወረዳ ተወካይ መያዝ ነው። ከገፉት ተወካዮች አንዱ ማይክ ኮፍማን ሲሆኑ የእሳቸው ወረዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን የኮሎራዶዋን ኦሮራ ያካትት ነበር።

ቀጠሮ ከፈለጉ ከዋሽንግተኑ ቢሮ ይልቅ የአካባቢው ቢሮ ቶሎ ይሰጣል። የሚያገኙት ሰው ወጣት ረዳት ቢሆን አይናቁት፤ ማስታወሻውን የሚጽፈው እሱ ነው። አራት ሰው ይሂድ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይተው፣ በዚያው ቀን ማታ የምስጋና ኢሜይል ይላክ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ያንኑ ረዳት በስሙ ጠርተው መልሰው ይደውሉ።