ለወጣት መሪ መጀመሪያ ሰው ስጡት
ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክርስቲያን ተማሪዎች ኅብረት ውስጥ ሳገለግል አንድ ነገር ተማርኩ። ለወጣት መጀመሪያ ማይክ ሳይሆን ሰው ስጡት። በመጽሐፍ ቅዱስ ዮቶር አማቹን ሙሴን ሲመክረው በየአሥሩ ሰው ላይም አለቃ እንዲሾም ነግሮታል። እኛም አራት ፍሬሽማኖችን ለአንዲት የሁለተኛ ዓመት ልጅ አደራ አልን። የጅማ ዝናብ ሲጥል ማን እንደቀረ የምታውቀው እሷ ነበረች። ዶርም ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፣ አብራ ትጸልያለች።

የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስትመራ አጠገቧ ተቀመጡ፤ ቃሏን ግን ከአፏ አትንጠቁ። ብትሳሳት በሰው ፊት አታርሟት። በኋላ ቡና እየጠጣችሁ መጀመሪያ ጥሩ የሠራችውን፣ ቀጥሎ አንድ የሚስተካከል ነገር ንገሯት። አንድ ብቻ! እኔ አምስት ደርድሬበት አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶብኛል፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

በፈተና ሳምንት አሳርፏቸው። የኃላፊነት ርክክቡን ከምርቃት ሁለት ወር በፊት ጀምሩት፤ ተመራቂው ገና ግቢ እያለ አዲሱ እንዲጠይቀው።